የፍልፈሏ ባለቤት

መምህር ማዳልቾ የበደለኝ የእንስሳት ቤቱ በተመረቀ ቀን ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ስድስት ዓመት አልፎታል። ሰው "ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛ" ይለኝ ይሆናል፤ ይበል። እኔ የተደረገልኝንም የተደረገብኝንም አልረሳም።

ባለፈው ወር ሞተ። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ አንቱ አለው። እኔ በቁሙ አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ ሞተ ብዬ አንቱ አልልም።

ለቅሶው ላይ ተገኝቻለሁ። አጥራችን አንድ ነው፤ ብቀር የማርታ እናት ለሰፈሩ ምን እንደምታወራ አውቃለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ተነሥቶ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። የተወለደበት ቀበሌ፣ ያስተማረባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የሟች ሚስቱ ስም፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "መምህራችን ከአዲስ አበባ በመጡ ባለሙያ እገዛ፣ ተይዞ አይኖርም የተባለውን ፍልፈል አኑረው ለትውልድ ያሳዩ ሰው ነበሩ።"

ተነሥቼ ወጣሁ። የማርታ እናት እጄን ያዝ አድርጋ "አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። አላለቀስኩም። የተናደደችና ያዘነች ሴት ከኋላ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ።

ያ ባለሙያ እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ አልመጣሁም። ከአጥሩ ማዶ ነው የመጣሁት።

የእንስሳት ቤቱን ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ሶዶ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ዳሞታ ተራራ ሲወጣ፣ በአንድ ወቅት የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አለ። መምህር ማዳልቾ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ሌላው ሰው ቤት ሠርቶ ሲያከራይ፣ እሱ ግቢው ውስጥ ያለውን ይህን መጋዘን ይዞ በመስታወትና በሽቦ ከፋፈለው። ውስጡ አንበሳ የለም። ነብር የለም። መጀመሪያ የሚገባ ሰው ሁሉ "ታዲያ ምኑን ልናይ ነው?" ይላል።

"ረግጣችሁት ያለፋችሁትን" ይል ነበር።

በር ላይ በአቮካዶ ቅርንጫፍ ላይ እስስቶቹ አሉ። ቀጥሎ ከብላቴ በረሃ የመጣች፣ ጀርባዋ የተሰነጠቀ ኤሊ። አባያ ላይ ዓሣ አጥማጆች በመረብ የያዙት፣ ጅራቱ የተቆረጠ አርጃኖ። ከዳሞታ የወረዱ ሽኮኮዎች። ከዚያ መጋረጃ ተገልጦ ጨለማ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ጃርቱና ጉጉቱ አሉ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ በሁለት መስታወት መካከል አፈር ተሞልቶ ፍልፈሏ።

ጨለማው ክፍል መግቢያ ላይ ጫማ ያስወልቅ ነበር። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ፍልፈሏ ትደበቃለች። ትልልቅ ሰዎች በካልሲያቸው ሲቆሙ አያለሁ፤ የአንዳንዱ ካልሲ የተቀደደ ነው። እሱ የእጅ ባትሪውን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ በብብቱ ይይዝና በሹክሹክታ "ድምፅ ቀንሱ፤ ሰው ቤት ገብተናል" ይላል። ይህን ሲል አይቀልድም። ጃርቱ ጋ ከመግባቱ በፊት በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። መስታወቱን በኮቱ እጅጌ ይወለውላል፤ አንዱ ኮቱ ቀኝ እጅጌው ብቻ ያለቀ ነበር።

ሰፈሩ መጀመሪያ አልወደደውም። የማርታ እናት መንገድ ላይ አስቁማ "መምህር፣ እኛ ጉጉት ከሰፈራችን ይሂድልን ብለን ስንጸልይ አንተ ቤት ሠራህለት?" አለችው።

"ጸሎታችሁ ተሰምቷል" አላት፤ "ከሰፈር ወጥቶ እኔ ጋ ገብቷል።"

እኔ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር ማለት ይቻላል። ሰላምታ ብቻ ነበር። እኔ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ታይፒስት ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። የስንቱን ሹመት፣ የስንቱን ዝውውር፣ የስንቱን ምስጋና በእነዚህ ጣቶች ጽፌያለሁ፤ የእኔን ስም የጻፍኩት የጡረታዬ ደብዳቤ ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ስም የለኝም፤ በእኛ አገር የወለደች ሴት በልጇ ስም ትጠራለች። የብሩክ እናት ነኝ። ብሩክ ሀዋሳ ሥራ ይዞ ከሄደ በኋላ እንኳ የብሩክ እናት ነኝ።

አንድ ጠዋት እንሰቴ ሥር ቆሜ ስራገም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየሁት። ፍልፈል አንድ ጎረምሳ እንሰት ከሥሩ በልታ ጥላብኝ ነበር። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በእጄ ስነካው ግንዱ ወደቀ።

"የብሩክ እናት" አለኝ፤ "ፍልፈል አላት ብለውኝ ነው።"

"አለኝ። ውሰዳት። ዘመዶቿንም ጨምር።"

"ሁለት ይዤ ነበር። ሁለቱም በሳምንታቸው ሞቱብኝ።"

"ምን አበላሃቸው?"

"ካሮት። ዳቦም ሞክሬያለሁ። ውኃ በሳህን አደረግኩላቸው።"

ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው! "መምህር፣ ፍልፈል ውኃ ስትጠጣ አይተህ ታውቃለህ? ከሥሩ ነው የምታገኘው። እንሰት ስጣት፤ አፈሩም ከእንሰት ሥር ይሁን።"

"እንሰት ከየት ላምጣ?"

"ጠላቴን እኔው ልቀልብልህ?"

"ለአንድ ሳምንት ብቻ" አለ።

ለአንድ ሳምንት ብዬ ሄድኩ፤ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ እንሰት መቁረጥና መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ይተክላል፣ አጥር ያጥራል፤ ሥሩን ታቅፎ ተቀምጦ ሲፍቅ የታየ ወንድ ግን ለዓመት መሳቂያ ነው። መምህር ማዳልቾ እባብ በእጁ ይይዛል፤ እንሰት ለመቁረጥ ግን ያፍር ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ከጓሮዬ ሥር ቆርጬ፣ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ፣ በአጥሩ ቀዳዳ እሻገራለሁ።

ፍልፈሏን ያጠመድኳት እኔ ነኝ። አባቴ እንዳስተማረኝ መንገዷን በጣቴ ከፈትኩና ጠበቅኩ። ፍልፈል ብርሃን የገባበትን ቀዳዳ ሳትደፍን አታድርም፤ የሚይዟትም በዚሁ ነው። አፈር እየገፋች ልትደፍን ስትመጣ ትያዛለች። እዚያ መስታወት ውስጥም ያንኑ አደረግኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ድምፅ አልነበራትም። መምህር መስታወቱ ሥር ተንበርክኮ "ሞተች፣ ይቺም ሞተች" ይላል። "ዝም በል" አልኩትና በላይ በኩል ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ መንገዷን ከፈትኩ። ጠበቅን። በመጀመሪያ አፈሩ ነቃነቅ አለ። ቀጥሎ ሁለቱ ቢጫ ጥርሶቿ፣ ከዚያ እነዚያ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ዓይኖቿ። አፈሩን በግንባሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ጥቅጥቅ አድርጋ ደፈነችውና ተመለሰች።

መምህር እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቀረ። "ደፈነ! የብሩክ እናት፣ እሷ ደፈነ!" ደስ ሲለው አማርኛው ይምታታበታል። በቀይዋ ብርሃን ዓይኑ እርጥብ ነበር። ለፍልፈል ያለቀሰ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ለእኔ ብሎ አንድ በርጩማ ጨለማው ክፍል ውስጥ አስቀመጠ። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት "ተነሡ፤ ባለቤት አለው" ይላል። ብዙ አናወራም። አንዳንድ ቀን የብሩክን ስልክ እነግረዋለሁ፤ እሱ ስለ ሟች ሚስቱ አንድ ነገር ጀምሮ ይተዋል። አንድ ጊዜ መስታወቱን እያየ "አንቺም እንደሷ ነሽ" አለኝ።

"በምኔ? በጥርሴ?"

"በር ክፍት አትተዪም።"

ተቆጣሁ መሰለኝ። በማግስቱም ግን ሄድኩ። መሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም።

እንግዲህ የምረቃው ቀን። ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ወረቀት የያዘ ሰው ነው። እስስቱን፣ አርጃኖውን አየ፤ ጨለማው ክፍል ሲደርስ ጫማ አላወልቅም አለ። እኔ ጥጉ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ፤ ሥሩን ታቅፌ፣ ቢላዬ በእጄ፣ እጅጌዬ በእንሰት ውኃ ጠቁሮ።

"ይቺ እንዴት ኖረች?" አለ ሰውየው። "ሌላ ቦታ ሞክረው አልተሳካም። ማነው የሚከታተለው?"

መምህር መስታወቱን በኮቱ እጅጌ ወለወለ።

"ባለሙያ አላችሁ? ባለሙያ ከሌለ እኮ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ይታሸጋል።"

መምህር ወደ እኔ አየ። ደህና አድርጎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረና "አሉ። ከአዲስ አበባ እየመጡ የሚከታተሉ ባለሙያ አሉ" አለ።

"እኚህስ?"

"እሷ... ጽዳት ናት።"

ጽዳት ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን እኔ ጽዳት አልነበርኩም። ሰውየው ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁት፤ ያን ድምፅ ሃያ ስምንት ዓመት አውቀዋለሁ። ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ የገባ ነገር እንደማይወጣም አውቃለሁ። ሥሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጫማዬን በእጄ ያዝኩና በጭቃው በባዶ እግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈንኩት።

ማታውን መጣ። በአጥሩ በኩል ቆሞ "የብሩክ እናት" አለ።

"የለችም።"

"ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። እንስሳቱ የት ይሄዳሉ?"

"ዲፕሎማ የላትም፣ ግን የምታውቀው እሷ ናት ብትል ምን ይቆርጥሃል?"

"አይቀበሉም።"

"ሳትሞክረው አወቅህ?"

በእርግጥም አልሞከረውም። በኋላም ሁለት ጊዜ መጣ። አንዴ ከብላቴ ማር አምጥቶ አጥሩ ላይ አስቀመጠ፤ በዚያው ቦታ ላይ ጉንዳን በላው። ሦስተኛው ጊዜ ቆሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

የሚቀጥለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁና መጻፍ አለብኝ። እኔ ከቀረሁ ፍልፈሏን ማን ይቀልባት? ልጁ ቤተልሔም ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ናት። ለጥቂት ቀናት ከበዴሳ ለገበያ ከሚመጡ ሴቶች አስቆርጦ ገዛ፤ እነሱም የሚመጡት በገበያ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት በግቢው መካከል፣ መንገደኛ በሚያይበት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የእንሰት ሥር በእግሮቹ መካከል አጣብቆ ተቀምጦ አየሁት። እየቆረጠ ነው።

ሰፈሩ ሳቀበት። ባጃጅ ነጂዎች ፍጥነት ቀንሰው "መምህር፣ ቀሚስ እንግዛልህ?" ይሉታል።

"ግዙልኝ" ይላቸዋል፤ "ኪስ ያለው ይሁን።"

የማርታ እናት ለሁሉም አወራች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጠርተው "መምህር፣ ለዕድሜህ አይሆንም" ብለውታል ተባለ። እሱ በየጠዋቱ ወጣ። ስድስት ዓመት። ቢላውን ወደ ራሱ ይስበው ነበር፤ ቢላ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አንድ ቀን አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አየሁት። መስኮቱን ዘጋሁ።

ይህን በራሴ ላይ ለመፍረድ አልጻፍኩትም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ቤተልሔም በራፌ ላይ ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። እንደ አባቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምትናገረው።

"የብሩክ እናት፣ ፍልፈሏ አልበላ አለች። ሦስት ቀኗ ነው። ይምጡልኝ።"

"ከአዲስ አበባ የመጡትን ባለሙያ አትጠሪም?"

ቀላች። "ያን ያነበበው ጸሐፊው ከፈቃዱ ወረቀት ገልብጦ ነው። እኔ አላየሁትም ነበር። አባባ ቢያይ..." አልጨረሰችውም።

ለፍልፈሏ ብዬ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ያልረገጥኩትን ቤት በዋናው በር ገባሁ። እስስቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ኤሊዋ ያችው ናት። ጨለማው ክፍል መግቢያ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። በርጩማው ቦታው ላይ ነበር። የእሱ የእጅ ባትሪ ከነቀይ ጨርቁ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ለፍልፈሏ የቀረበውን ሥር አንሥቼ አየሁት፤ እንደ ሳህን ታጥቦ ነጭ ሆኗል።

"ማነው ያጠበው?"

"እኔ። ጭቃ ነበረበት..."

"በጭቃው ነው የምታውቀው። አፈሩን ካነሣሽባት ምግብ መሆኑን በምን ትለየው?"

ከጓሮዬ ከነአፈሩ ቆርጬ መለስ ስል አንድ የአረካ አስተማሪ ተማሪዎቹን ይዞ ደርሷል። ልጆቹ ጫማቸውን እየደረደሩ ነው። ቤተልሔም በተሰበረ ድምፅ ስለ ጃርቱ፣ ስለ ጉጉቱ ነገረቻቸው። መስታወቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

አስተማሪው ፈገግ አለና "ዛሬም አልመጣችም?" አላት።

"ማን?" አልኩት።

"እማማ፣ መምህር ነፍሳቸውን ይማርና፣ በየዓመቱ ልጆች አመጣለሁ፤ ሁሉን እንደዚያ በዝርዝር ተናግረው እዚህች ጋ ሲደርሱ ባትሪያቸውን ያጠፋሉ። 'የእሷን ነገር የምትናገረው ባለቤቷ ናት፤ ዛሬ አልመጣችም' ይሉናል። ከስሟ ሌላ ምንም አይጨምሩም። እኛ እኮ በኋላ እንዲህ የምትባል ሰው የለችም ብለን ነበር።"

"ማን ትባላለች ይል ነበር?"

"ዘነበች።"

ስሜን ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ዓመት አብረን ስንቀመጥ አንድ ቀን አልጠራኝም። መቼ እንደጠየቀ፣ ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። ቤተልሔምን አየኋት፤ ራሷን ነቅንቃ "አዎ" አለችኝ።

ልጆቹ ይጠብቃሉ። አንዷ "እሷስ ትናከሳለች?" አለች።

በርጩማው ላይ ያለውን ባትሪ አንሥቼ አበራሁ። ዘነበች እባላለሁ አልኳቸው። ፍልፈል ውኃ እንደማትጠጣ፣ ለምን የእንሰት ጠላት እንደሆነች፣ ለምን እኛም እንደማንወዳት ነገርኳቸው። ከነአፈሩ ያመጣሁትን ሥር አስገባሁ። ከዚያ ጣቴን ሰድጄ መንገዷን ከፈትኩና ዝም በሉ አልኩ። ዝም አሉ። አስተማሪውም ዝም አለ። ብዙ ጠበቅን። መጣች።

ልጆቹ ሲወጡ ቤተልሔምን የሕይወት ታሪኩን ወረቀት አምጪልኝ አልኳት። አመጣች። "ከአዲስ አበባ በመጡ ባለሙያ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከበላዩ "በጎረቤታቸው በወይዘሮ ዘነበች" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን መለስኩላት። ቤቴ ሄጄ የአጥሩን እሾህ አነሣሁ፤ ለነገ የሚሆን ሥር ቆረጥኩ።